የቆመና የተጣደፈ ደም፦ በልብ አጋዥ ፓምፕ ውስጥ የሚደርሰው የደም መርጋትና የኮምፒዩተር ስሌት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአማርኛ ወተትም ደምም የሚረጉት በአንድ ግሥ ነው። ወተት ተቀምጦ ሲያድር ይረጋል፤ ደምም ፈስሶ በቆመ ጊዜ ይረጋል። የቆመ መርጋቱ፣ የሚሮጥ ደግሞ አለመርጋቱ በየቤቱ የታየ ጉዳይ ነውና በቃሉ ውስጥ ያለው የጥንት አስተውሎት እውነት ነው። ነገር ግን በልብ አጋዥ ፓምፕ ውስጥ የሚያልፍ ደም ይህን ሕግ የሚያከብረው በግማሽ ብቻ ነው። በቆመበት ስፍራ እንደ ወተቱ ይረጋል፤ ከልክ በላይ በተጣደፈበት ስፍራም ለመርጋት ይዘጋጃል። መሐንዲሱ ደሙን ከመቆም ለማዳን ሲያፈጥነው ይጎዳዋል፤ ከጉዳት ለማዳን ሲያዘገየው ደግሞ ያቆመዋል። የዚህ ንግግር ዓላማ በእነዚህ በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለው ጠባብ መንገድ በኮምፒዩተር ስሌት እንዴት እንደሚፈለግ፣ ስሌቱም እስከ ምን ድረስ ሊታመን እንደሚገባ መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፓምፑና ታሪኩ

ልብ አጋዥ ፓምፕ የሚባለው ልብን ተክቶ የሚቀመጥ ሳይሆን ከታመመው ልብ ጋር ሆኖ የሚያግዝ መሣሪያ ነው። በዛሬዎቹ ፓምፖች የመግቢያው ቱቦ በግራው የታችኛው የልብ ክፍል ጫፍ ላይ ይተከላል፤ የመውጫው ቱቦ አኦርታ ከሚባለው ከዋናው ደም ቅዳ ቧንቧ ጋር ይሰፋል፤ በመካከላቸው ያለው ፓምፕ ልቡ መግፋት የተሳነውን ደም ወደ አካል ይገፋል። የኃይል ገመዱ በሆድ ቆዳ በኩል ወጥቶ ታካሚው ከሚሸከመው ባትሪ ጋር ይገናኛል።

የሥራው ታሪክ ረጅም አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሰው ሠራሽ ልብ መርሐ ግብር የተጀመረው በ1964 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1966 ዶክተር ማይክል ደቤኪ በሂዩስተን ከተማ ለአንዲት የ37 ዓመት ሴት የገጠሙላት አጋዥ ፓምፕ ለ10 ቀናት ሠርቶ፣ የሴትዮዋ ልብ ካገገመ በኋላ ወጣ፤ እርሷም ድና ከሆስፒታል ወጣች። በ1982 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዊልያም ዴቭሪስ ጃርቪክ 7 የተባለውን ሙሉ ሰው ሠራሽ ልብ ለባርኒ ክላርክ ተከሉ፤ ታካሚውም 112 ቀናት ኖሩ። በ1984 ተመሳሳዩ መሣሪያ የተተከለላቸው ዊልያም ሽሮደር 620 ቀናት ኖሩ፤ ነገር ግን ደጋግሞ የመታቸው ስትሮክ የእነዚያን ቀናት ብዙ ክፍል ወሰደባቸው። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ግልጽ የሆነው ነገር ቢኖር፣ ደምን ገፍቶ ማዞር እንደሚቻል፣ የተገፋውን ደም ሳይረጋ ማቆየት ግን ሌላ ሥራ እንደሆነ ነው።

ፓምፑ ለሕሙማን የሚሰጠው ጥቅም አያጠራጥርም። በ2001 ውጤቱ የታተመው፣ ሬማች የተባለው ጥናት ንቅለ ተከላ የማይፈቀድላቸው 129 የልብ ድካም ሕሙማንን ተመልክቶ፣ ፓምፕ ከተተከለላቸው መካከል 52 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት መካከል ደግሞ 25 በመቶ አንድ ዓመት ለመኖር መቻላቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ጥያቄው ፓምፑ ይተከል ወይስ አይተከል የሚል ሳይሆን፣ የተተከለው ፓምፕ ሕይወት ሰጥቶ መልሶ እንዳይወስድ ምን ይደረግ የሚል ሆነ። ምክንያቱም በፓምፑ ውስጥ የረጋ ደም ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ባለበት አድጎ ፓምፑን ያንቃል፣ ወይም ተቆርሶ ከደሙ ጋር ተጉዞ የአንጎልን ቧንቧ ይዘጋል።

ሦስቱ የመርጋት ምክንያቶች

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሆ በ1856 ባሳተሙት ሥራ ላይ ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ የሦስት ምክንያቶች ትምህርት አለ። ደም በቧንቧ ውስጥ የሚረጋው ፍሰቱ ሲታወክ፣ የቧንቧው ግድግዳ ሲጎዳ ወይም የደሙ ጠባይ ራሱ ሲለወጥ ነው። በልብ አጋዥ ፓምፕ ውስጥ ሦስቱም በአንድነት ይገኛሉ። ግድግዳው በሕያው ሽፋን የተለበጠ ሳይሆን ታይታንየም ነው፤ ፍሰቱ በአንድ በኩል እጅግ የፈጠነ፣ በሌላ በኩል እየዞረ የሚዘገይ ነው፤ የደሙም ጠባይ በዚያ ፍጥነት የተነሣ ይለወጣል።

ይህን ለመረዳት ደም ምን እንደሆነ ማስታወስ ይበጃል። ደም ለዓይን አንድ ወጥ ፈሳሽ ይምሰል እንጂ ከመጠኑ 45 በመቶ ገደማ የሚሆነው ቀይ ሕዋስ ነው። ቀይ ሕዋስ ወርዱ 8 ማይክሮን ያህል ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑ ይታወቃል። ፕላትሌት የሚባሉት ደም አርጊ ሕዋሳት ደግሞ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ብቻ ናቸው፤ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ። ደም ሲፈስ ትልልቆቹ ቀይ ሕዋሳት ወደ ቧንቧው መካከል ሲሰበሰቡ፣ ትንንሾቹን አርጊ ሕዋሳት ወደ ዳር ይገፏቸዋል። በዚህም ምክንያት ለመርጋት ተጠሪ የሆኑት ሕዋሳት ከግድግዳው አጠገብ፣ ማለትም የባዕዱ ብረት ጎረቤት ሆነው ይፈስሳሉ።

አሁን የፍጥነቱን ነገር እንመልከት። ደም በቧንቧ ውስጥ ሲሄድ የመካከለኛው ንብር ይፈጥናል፣ የዳሩ ይዘገያል፤ አንዱ ንብር በሌላው ላይ ሲንሸራተት የሚፈጠረውን ኃይል የፍትጊያ ጫና ብንለው፣ ይህ ጫና በጤናማ የደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ከ1 እስከ 7 ፓስካል ያህል ነው። በፓምፕ ውስጥ፣ በተሽከርካሪው ክንፍ ጫፍና በቅርፊቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት፣ ጫናው ለአጭር ቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር ፓስካል ሊደርስ ይችላል። በ1972 የታተመ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ 150 ፓስካል ለደቂቃዎች የተጫነበት ቀይ ሕዋስ ይፈነዳል። አርጊ ሕዋሳት ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ጫና ይነቃሉ። የነቃ አርጊ ሕዋስ ቅርጹን ለውጦ ተጣባቂ ይሆናል፤ ባልንጀሮቹንም የሚጠራ ኬሚካል ይለቃል። የሚያነቃው የጫናው መጠን ብቻ ሳይሆን ጫናው የቆየበት ጊዜም ጭምር ነው። ትንሽ ጫና ለረጅም ጊዜ፣ ታላቅ ጫናም ለቅጽበት ተመሳሳይ ውጤት ያስከትላሉ።

ነገሩን የበለጠ የሚያወሳስበው ፎን ቪልብራንድ የሚባለው ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በተለመደው ፍሰት ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ክር ሆኖ ይኖራል። በ2007 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው የንብሮቹ የፍጥነት ልዩነት በሴኮንድ 5,000 ገደማ ሲደርስ ክሩ በድንገት ይተረተራል። የተተረተረው ክር በአንድ በኩል አርጊ ሕዋሳትን ይይዛል፤ በሌላ በኩል በደም ውስጥ ባለ ኢንዛይም በቀላሉ ይቆራረጣል። ከተቆራረጠ ደግሞ በሚያስፈልግበት ቦታ ደም ሊያቆም አይችልም። እንግዲህ የፓምፕ ታካሚ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደሙ በፓምፑ ሊረጋ፣ በአንጀቱም ሊፈስ የሚችልበት ምክንያት ይህ ነው። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚያዝለት ሐኪም የአንዱን በር በዘጋ ቁጥር የሌላውን ይከፍታል። መድኃኒት ብቻውን ሊፈታው ያልቻለውን ጉዳይ በቅርጽ መፍታት ያስፈለገውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ኮምፒዩተሩ ምን ያሰላል?

በሚሠራ ፓምፕ ውስጥ ገብቶ ማየት አስቸጋሪ ነው። ቅርፊቱ ብረት ነው፤ ደሙም ብርሃን አያሳልፍም። ስለዚህ መሐንዲሶች የፓምፑን ውስጥ በቁጥር አስመስለው ያሰላሉ። ሥራው በሦስት ደረጃ ይከፈላል።

የመጀመሪያው ደረጃ የፍሰቱ ስሌት ነው። ደም የሚሞላው የፓምፑ ውስጣዊ ቦታ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይሸነሸናል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የናቪዬና የስቶክስ እኩልዮሾች፣ ማለትም የኒውተን የእንቅስቃሴ ሕግ ለፈሳሽ ነገር ተስማምቶ የተጻፈባቸው ቀመሮች፣ እየተደጋገሙ ይሰላሉ። ከዚህ የሚገኘው በየነጥቡ ያለው ፍጥነት፣ ግፊትና የፍትጊያ ጫና ነው። ደሙ የሚሽከረከርበትና የሚዘገይበት ጥግ፣ ጫናው የሚበረታበትም ክፍተት በዚህ ደረጃ ይታያል።

ሁለተኛው ደረጃ የአርጊ ሕዋሳት የጉዞ ታሪክ ነው። ብዙ ምናባዊ ቅንጣቶች በፓምፑ መግቢያ ላይ ተለቅቀው እስከ መውጫው ድረስ ይከታተሏቸዋል፤ እያንዳንዱ ቅንጣት በየቅጽበቱ የተሸከመው ጫና ከቆየበት ጊዜ ጋር እየተባዛ ይደመራል። በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ዳኒ ብሉስታይን ከሐኪሙ ከማርቪን ስሌፒያን ጋር ያዳበሩት ዘዴ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ዘዴው በስሌቱ ብቻ አያበቃም፤ ስሌቱ የሰጠው የጫና ታሪክ በላቦራቶሪ መሣሪያ ውስጥ በእውነተኛ አርጊ ሕዋሳት ላይ ይደገማል፤ መንቃታቸውም ይለካል።

ሦስተኛው ደረጃ የመርጋቱ የራሱ ስሌት ነው። አምስት ሊትር ደም በየደቂቃው የሚያሳልፍ ፓምፕ በየደቂቃው ከአንድ ትሪሊዮን በላይ አርጊ ሕዋሳት ያሳልፋል፤ እያንዳንዳቸውን መቁጠር አይቻልም። ስለዚህ ሕዋሳቱና ኬሚካሎቹ በውኃ እንደሟሟ ጨው በይዘታቸው መጠን ይሰላሉ። በ1999 ሶረንሰን፣ በርግሪን፣ ዋግነርና አንታኪ ያሳተሙት ሞዴል ሰባት ነገሮችን በአንድነት ይከታተላል። እነዚህም ያልነቁና የነቁ አርጊ ሕዋሳት፣ ሁለት ዓይነት ቀስቃሽ ኬሚካሎች፣ ፕሮትሮምቢን፣ ትሮምቢንና ትሮምቢንን የሚያከሽፈው ፕሮቲን ናቸው። በ2017 ከጄምስ አንታኪ ባልደረቦች የወጣው ሞዴል የሚከታተላቸውን ነገሮች ወደ አሥር አሳደገ፤ የረጋው ደም እያደገ ሲሄድ ፍሰቱን መልሶ እንደሚለውጥም አካተተ።

የሦስተኛው ደረጃ ዋና እንቅፋት ጊዜ ነው። በደቂቃ 9,000 ጊዜ የሚሽከረከር ፓምፕ በሴኮንድ 150 ጊዜ ይዞራል። አንዱ ዙር በ200 እርምጃ ተከፋፍሎ ቢሰላ፣ ለአንድ ሴኮንድ 30,000 እርምጃ፣ ለአንድ ሰዓት ደግሞ 108 ሚሊዮን እርምጃ ያስፈልጋል። ደም ግን በፓምፕ ውስጥ የሚረጋው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ነው። ስለዚህ አስሊው ወይ ፍሰቱን እንደማይለወጥ ቆጥሮ መርጋቱን ብቻ ያሰላል፣ ወይም የኬሚካሎቹን ፍጥነት ሆን ብሎ ያበዛል። ሁለቱም የተፈቀዱ አቋራጮች ናቸው፤ ነገር ግን አቋራጭነታቸው ከውጤቱ ጋር አብሮ ሊነገር ይገባል።

ከሮኬት ሞተር ወደ ልብ

ስሌቱ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ በሂዩስተን ይጀምራል። በናሳ የጠፈር ማእከል መሐንዲስ የነበሩት ዴቪድ ሶሲየር በ1983 የልብ ሕመም ጥሏቸው፣ በ1984 ሐኪሞቹ ደቤኪና ጆርጅ ኑን ልብ ተከሉላቸው። ሶሲየር ወደ ሥራቸው በተመለሱ ጊዜ ከሐኪሞቻቸው ጋር ተነጋግረው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንዲት ትንሽ ፓምፕ መንደፍ ጀመሩ። ፓምፒቱ ክብደቷ ከ120 ግራም በታች ነበር፤ ደሙንም የምትገፋው እንደ ልብ እየመታች ሳይሆን ያለማቋረጥ እየተሽከረከረች ነበር።

ችግሩ ወዲያው ተገለጠ። በሙከራ ጊዜ ቀይ ሕዋሳት ይሰባበሩ ነበር፤ በኩሽኔታው አካባቢም ደም ይረጋ ነበር። በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያ የናሳ ኤምስ ምርምር ማእከል ሊቃውንት ቸቲን ኪሪስና ዶቻን ኳክ የሮኬት ሞተር ነዳጅ የሚፈስበትን ሁኔታ ለማጥናት የተዘጋጀውን የስሌት መርሐ ግብር በዚህች ፓምፕ ላይ አዋሉት። በሮኬት ነዳጅ ፓምፕ እንደሚደረገው፣ ከዋናው ተሽከርካሪ ፊት ለፊት ፈሳሹን ቀድሞ የሚያለማምድ ሌላ የክንፍ ክፍል ተጨመረ፤ ደም ይዘገይበት የነበረው የኩሽኔታው ዙሪያም ፍሰቱ እንዲያጥበው ሆኖ ቅርጹ ተለወጠ። የቀይ ሕዋሳቱ ጉዳት በእጅጉ ቀነሰ። ፓምፒቱም በ1998 በበርሊን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተተከለች።

ቢሆንም ቅሉ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በሕሙማን ላይ ከተተከሉት ከእነዚህ ፓምፖች በአንዳንዶቹ ደም መርጋቱ አልቀረም። በ2012 የእነ ብሉስታይን ቡድን የዚያችው ፓምፕ ተከታይ በሆነው ሞዴል ላይ የጫናውን ታሪክ አስልቶ፣ አርጊ ሕዋሳት የሚነቁባቸውን ጠባብ ቦታዎች ለይቶ ቅርጻቸው እንዲሻሻል አደረገ፤ ከተሻሻለው ፓምፕ ጋር የተደረገው የላቦራቶሪ መለኪያም መንቃቱ በእጅጉ እንዳነሰ አረጋገጠ። የመጀመሪያው ስሌት የቀይ ሕዋሳትን መሰባበርና የፍሰቱን መዘግየት ጠይቆ ለጠየቀው ትክክለኛ መልስ አገኘ፤ ሁለተኛው ደግሞ የአርጊ ሕዋሳትን መንቃት ጠይቆ ሌላ መልስ አገኘ። ኮምፒዩተር ያልተጠየቀውን አይመልስምና።

ስሌቱ ምን ያህል ይታመናል?

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ጥያቄ በቀጥታ ለመመርመር አንድ ፈተና አዘጋጀ። ፈተናው ፓምፕ እንኳ አልነበረም፤ ውስጡ ከ12 ሚሊሜትር ወደ 4 ሚሊሜትር የሚጠብና እንደገና የሚሰፋ ቀላል ቱቦ ነበር። ቅርጹና የፍሰቱ መጠን ለሁሉም ተነገረ፤ በላቦራቶሪ የተለካው ፍጥነት ግን ለብቻው ተይዞ ቆየ። ከልዩ ልዩ አገሮች 28 ቡድኖች ስሌታቸውን ላኩ። በ2012 በታተመው ውጤት እንደታየው መልሶቹ እርስ በርሳቸው ተለያዩ፤ ብዙዎቹም በተለይ ከጥበቱ በኋላ ፍሰቱ በሚታወክበት ስፍራ ከመለኪያው ራቁ። ለአንድ ቀላል ቱቦ 28 ባለሙያዎች የተለያየ መልስ ከሰጡ፣ ለሚሽከረከር ፓምፕና በውስጡ ለሚረጋ ደም አንድ ሰው የሚሰጠው በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ከዚያ የባሰው ትምህርት የመጣው ከሕሙማን ነው። ሃርትሜት 2 የተባለው ፓምፕ በአሜሪካ በ2008 ንቅለ ተከላ ለሚጠብቁ፣ በ2010 ደግሞ ለዘለቄታ ለሚጠቀሙ ሕሙማን ተፈቀደ፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎችም ላይ ተተከለ። ተሽከርካሪው የሚያርፈው ከሩቢ በተሠሩ፣ በሚያልፈው ደም በሚታጠቡ ኩሽኔታዎች ላይ ነበር። ከዚያም ከሦስት ሆስፒታሎች የ837 ሕሙማንን መዝገብ መርምሮ በ2014 የታተመው ጥናት፣ ፓምፑ በተተከለ በሦስት ወር ውስጥ የተረጋገጠ የደም መርጋት ከ2011 መጋቢት ገደማ ጀምሮ ከ2.2 በመቶ ተነሥቶ በ2013 መጀመሪያ 8.4 በመቶ መድረሱን ገለጸ። የፍሰቱ እኩልዮሾች በ2011 አልተለወጡም። በስሌቱ ውስጥ ከማይገቡት ነገሮች መካከል ግን የመድኃኒቱ መጠን፣ ሐኪሙ የሚመርጠው የፓምፕ ፍጥነትና የመግቢያው ቱቦ አቀማመጥ ይገኙበታል። ከዚያ በኋላ 300 ሕሙማንን የተከታተለው ፕሪቬንት የተባለ ጥናት በእነዚሁ ጉዳዮች ላይ የጸና መመሪያ ሰጥቶ፣ በሦስት ወር ውስጥ የታየው መርጋት 2.9 በመቶ መሆኑን አሳየ። በዚህ መመሪያ ፓምፑ በደቂቃ ከ9,000 ዙር በላይ እንዲሽከረከር የሚመክር አንቀጽ ነበረበት። ቀስ ብሎ የሚዞር ፓምፕ ኩሽኔታውን በሚገባ አያጥብም፤ ደግነት መስሎ የታየው ዝግታ ደሙን እንደ ወተቱ አስቀመጠው ማለት ነው።

ኩሽኔታው ሲወገድ

ቀጥሎ የመጣው መፍትሔ መርጋቱ የሚጀምርበትን ስፍራ ራሱን ማስወገድ ሆነ። በሃርትሜት 3 ፓምፕ ተሽከርካሪው ምንም ነገር ሳይነካ በማግኔት ኃይል ተንሳፍፎ ይዞራል። በዙሪያው ያለው ክፍተት ከላይና ከታች ግማሽ ሚሊሜትር፣ በጎን አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ለአንድ ቀይ ሕዋስ ግማሽ ሚሊሜትር ከወርዱ 60 ጊዜ የሚበልጥ ሰፊ ጎዳና ነው። ከዚህም በላይ ፓምፑ በየሁለት ሴኮንዱ ፍጥነቱን ቀንሶ ይጨምራል፤ ይህም ደም በአንድ ጥግ እንዳይዘገይ ያናውጠዋል። የዚህ ንድፍ የፍሰት ስሌት የታተመው በ2004 ሲሆን፣ ፓምፑ በአሜሪካ ለሕሙማን የተፈቀደው በ2017 ነው። በመካከላቸው ያለው 13 ዓመት የሙከራ፣ የመለኪያና የማረም ዘመን ነበር።

በ2019 የታተመው የሞሜንተም 3 ጥናት የመጨረሻ ዘገባ 1,028 ሕሙማንን አወዳድሮ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በፓምፑ ውስጥ ደም የረጋባቸው ወይም ረግቷል ተብለው የተጠረጠሩ ሕሙማን በቀድሞው ፓምፕ 13.9 በመቶ፣ በአዲሱ 1.4 በመቶ መሆናቸውን ገለጸ። በ2023 ደግሞ ኤሪስ የተባለ ጥናት አዲሱ ፓምፕ ላላቸው ሕሙማን አስፒሪን ቢቀርስ ብሎ ጠየቀ። መልሱም ዋርፋሪኑ ሳይቋረጥ አስፒሪኑ ቢቀር መርጋቱ እንደማይጨምር፣ የደም መፍሰሱ ግን በ34 በመቶ እንደሚቀንስ ነበር። የብረቱ ቅርጽ መስተካከል ታካሚው በየቀኑ ከሚውጠው ክኒን አንዱን አስቀረለት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ትምህርት አለ። በ2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለዚሁ ፓምፕ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በመውጫው ቱቦና ቱቦውን በሚሸፍነው መከላከያ መካከል ከጊዜ ብዛት ከአካል የመነጨ ሥነ ሕይወታዊ ቁስ እየተጠራቀመ ቱቦውን ከውጭ ሊያጣብበው መቻሉ ታወቀ። ይህ ደም ከሚፈስበት መንገድ ውጭ ነው፤ የፍሰት ስሌት የሚሸነሽነው የቱቦውን ውስጥ እንጂ ውጭውን አይደለም።

ለሐኪሙና ለመሐንዲሱ

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ ላለው ባለሙያ የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሩማቲክ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን የሚጎዳ ሕመም መሆኑ ለአባላቱ የተሰወረ አይደለም። የተጎዳው ቫልቭ በብረት ቫልቭ የተተካለት ወጣት ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን እየወሰደ፣ የደሙን ቅጥነት በየጊዜው እያስመረመረ ይኖራል። የምርመራው ስፍራ ከመኖሪያው ሲርቅ ወይም መድኃኒቱ ሲጠፋ፣ ከላይ የተነገሩት ሁለቱ አደጋዎች እርሱንም ይጠብቁታል። ቫልቩ የሚታዘዘውም ለዚያው ለፓምፑ ሕግ ነው። በ1990ዎቹ በሰው ላይ ሲሞከር የነበረ አንድ ባለ ሁለት ክንፍ ቫልቭ በማጠፊያው ውስጥ ደም እየረጋ ከሙከራ ወጥቷል፤ ምክንያቱ ሲመረመርም በማጠፊያው ጥግ የሚዘገይ ፍሰት ተገኝቷል።

ስለዚህ የደም መርጋት ስሌት ይዞ ለሚቀርብ ሁሉ፣ አቅራቢው ሻጭም ሆነ ተመራማሪ፣ ሦስት ጥያቄዎች ሊቀርቡለት ይገባል። አንደኛ፣ ስሌቱ የጠየቀው ጥያቄ ምንድን ነው? የቀይ ሕዋስ መሰባበር፣ የአርጊ ሕዋስ መንቃት፣ ወይስ የደም መርጋት ራሱ? ሁለተኛ፣ ውጤቱ ከምን መለኪያ ጋር ተመሳክሯል? መለኪያው ውኃ ነበረን ወይስ ደም? ሦስተኛ፣ ስሌቱ ቢሳሳት የሚጎዳው ማን ነው? የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በ2018 ያወጣው ደረጃ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። ለአንድ ሞዴል የሚጠየቀው ማስረጃ በሞዴሉ ላይ ከሚጣለው እምነትና ከስሕተቱ ከሚመጣው ጉዳት ጋር ይመዘናል፤ ሁለት ንድፎችን ለማወዳደር የሚበቃ ስሌት፣ የታካሚን መድኃኒት ለማስቀረት አይበቃም።

ከላይ በዝርዝር እንደታየው ኮምፒዩተሩ ዓይን የማይደርስበትን ጥግ አሳይቷል፤ ለመሥራት ወራት የሚወስደውን ሙከራ በቀናት መርምሯል፤ የማይጠቅመውን ንድፍ ከሰው ደረት ከመድረሱ በፊት አስቀርቷል። የመጨረሻውን ምስክርነት የሰጠው ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ደሙ ራሱ ነው። ከ2.2 ወደ 8.4 የወጣው ቁጥር የተገኘው ከማሽን ሳይሆን ከሦስት ሆስፒታሎች መዝገብ ነው። መዝገቡን በጥንቃቄ የያዙት ነርሶችና ሐኪሞች፣ ስሌቱን ከሠሩት መሐንዲሶች ባላነሰ ለፓምፑ መሻሻል ባለውለታ ናቸው። ስሌት የሚሠራውና መዝገብ የሚይዘው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጡበት ስፍራ ሁሉ፣ በመቆምና በመጣደፍ መካከል ያለው ያ ጠባብ መንገድ ጥቂት በጥቂት እየሰፋ ሄዷል።